ጨው የጎደለው ከምግቤ አልነበረም

ከሆስፒታል ሁለት ጊዜ ድነሻል ተብዬ ወጥቻለሁ። በሦስተኛው አልወጣም አልኩ። ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው። በቢሮም በቤትም ዝምተኛ የምባል ሴት ነኝ፤ ከሐኪም ጋር ቀርቶ ከጎረቤት ጋር እንኳ ተጨቃጭቄ አላውቅም። ያን ቀን ግን የመውጫ ወረቀት ይዛ ለመጣችው ነርስ ወረቀቱን መልሼላት፣ ጫማዬን አውልቄ አልጋው ላይ ወጣሁ። በሽታዬን ያገኙት ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ያልተገኘው ግን በሐኪሞች ጥፋት ብቻ አይደለም፤ እኔም ሃያ ሰባት ዓመት የያዝኩት አንድ ውሸት ነበረኝ። መናገር የማልፈልገውን ሁሉ ጨምሬ ከመጀመሪያው እናገራለሁ።

ቤቴ ወላይታ ውስጥ፣ ከሻንቶ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በወረዳ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ። ሥራዬ ፋይል መክፈት፣ ቁጥር መስጠት፣ የጠፋ ደብዳቤ ማግኘት ነበር። ባለቤቴ አስተማሪ ነበር። መጀመሪያ ማርታን ወለድን፤ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ፣ ምሕረቱ መጣ።

ምሕረቱን የወለድኩት በአማቴ ግቢ ነው፣ በልምድ አዋላጅ እጅ። ልጁ በሰላም ወጣ፤ የእንግዴ ልጁ ግን ዘገየ፣ ደሙም አልቆም አለ። ጨርቅ አመጡ፣ ሌላ ጨርቅ አመጡ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም። እንደነገሩኝ፣ የክረምት ጭቃ ስለነበር ወንዶቹ ቃሬዛ አዘጋጅተው እስኪሰባሰቡ ደሙ በራሱ ቆመ። አማቴ ጌታ መለሳት አለች፤ ቃሬዛው ተፈታ። ወደ ጤና ጣቢያ አልሄድኩም፣ የትም ቦታ አልተጻፈም። የሰው ሁሉ ፋይል በእጄ የሚያልፍ ሴት ለዚያ ቀን አንዲት ወረቀት የለኝም።

በሦስተኛው ቀን ወተት መምጣት ነበረበት። በማርታ ጊዜ ልብሴን ያርሰው ነበር። በምሕረቱ ምንም አልመጣም። አማቴ የቡላ ገንፎ በቅቤ አበላችኝ፣ አጥሚት አጠጣችኝ፣ ተልባ አጠጣችኝ። ጡቴ እንደ ባዶ ኪስ ቀረ፤ ልጁ ያለቅሳል። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሚስት ታደለች እዚያው ግቢ ውስጥ ትኖር ነበር፤ የሦስት ወር ሴት ልጅ ነበራት። አማቴ ምሕረቱን አነሣችና ሄዳ በታደለች ደረት ላይ አደረገችው። ልጁ ዝም አለ።

በዚያን ጊዜ ወተት ስላልመጣላት ሴት ሁለት ነገር ይባል ነበር። ወይ ልጁን አልወደደችውም፣ ወይ ደግሞ የሰው እርግማን አድርቋታል። አማቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሚስት ነበረች፤ ሁለቱም በቤቷ እንዲባል አልፈቀደችም። ባለቤቴን፣ እኔንና ታደለችን አስቀምጣ ይህ ነገር ከአጥር አይወጣም አለች። አራስ ጠያቂዎች ሲመጡ ልጁን በጋቢ ሥር አስገብቼ ባዶ ጡት አስይዘዋለሁ። እነሱ ሲወጡ ታደለች በጓሮ በር ትገባለች። እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት አለፈ። ልጁ አደገ፣ እኔን እማዬ አለኝ፤ ማናችንም ነገሩን ደግመን አላነሣነውም።

እኔ ግን ወደ ራሴ አልተመለስኩም። የወር አበባዬ ከዚያ ወዲያ አልመጣም። መጀመሪያ ድካም ነው አልኩ፤ በኋላ ዕድሜ ነው አልኩ፣ ዕድሜዬ ባይሆንም። ቅንድቤ ሳሳ። ሰው ጥላ በሚፈልግበት ቀትር እኔ ሹራብ ለብሼ እቀመጥ ነበር። የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ወደ መዝገብ ቤት ሲገባ እጆቹን እያሻሸ «እዚህ ደጋ ነው» እያለ ያሾፍ ነበር። በአሥር ደቂቃ የማገኘው ፋይል ግማሽ ቀን ይወስድብኝ ጀመር። በቤት ደግሞ የባለቤቴ ወንድም፣ የታደለች ባል፣ ስለ እኔ «ከወለደች ወዲህ ተኝታ መብላት ለምዳለች» ይል ነበር፤ እኔ እየሰማሁ።

ያልታከምኩበት ክሊኒክ የለም። ደም ማነስ ተባልኩ፣ ኪኒን ዋጥኩ። ታይፎይድ ተባልኩ፤ ስንት ጊዜ እንደተባልኩ አልቆጠርኩም። ጨጓራ፣ ወባ፣ ነርቭ። ሁሉም በቅን ልብ ነው፤ ከደጅ የተሰለፈውን ሰው ላየ ለእኔ የሚደርሰው ደቂቃ ትንሽ ነበር። አንድ የጸሎት ሰው የድካም መንፈስ ነው ብሎ ሦስት ቀን እህልና ውሃ ሳልቀምስ እንድቀመጥ አዘዘ። በሁለተኛው ቀን ማለዳ ተነሥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በጌታ አምናለሁ። እሱ በሰጠኝ ሰውነት ላይ ግን ሰው እንዲፎክርበት አልፈቅድም።

አንድ ጊዜ ብቻ ትክክለኛው ጥያቄ ተጠይቆኛል። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ይሆናል፤ አንድ ጎልማሳ ጤና መኮንን ካርዴን እያየ የመጨረሻ ልጄን አጥብቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። አማቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። ሁለት ዓመት አልኩት። ሁለት ዓመት ብሎ ጻፈ። በመዝገብ ቤት የኖረ ሰው ይህን ያውቃል፤ አንድ ጊዜ በስሕተት የተጻፈን ነገር የሚያርመው የለም፣ ቀጥሎ የሚመጣው ከእሱ ይገለብጣል። የእኔም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ ካርድ ወደ ሌላው ካርድ ስትሻገር የኖረችው ያቺ ሁለት ዓመት ናት።

አማቴ ሞተች። ከስድስት ዓመት በፊት ባለቤቴም ሞተ። እኔ ከእነሱ በኋላ እንደምቆይ ማንም አልገመተም።

በሽታው የጠናው ከባለቤቴ በኋላ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ አንዳንዴ የምናገረው ቃል ጠፍቶኝ መቆም። አንድ የግል ክሊኒክ ኩላሊትሽ ነው ብሎ በቀን ሦስት ሊትር ውሃ እንድጠጣ ነገረኝ። እኔ የተባልኩትን የማደርግ ሰው ነኝ። ሦስት ጠርሙስ በመስኮቱ ላይ ደርድሬ እስከ ማታ አንዱም አይተርፍም ነበር። በአምስተኛው ቀን በገዛ ግቢዬ ቆሜ ይህ የማን ቤት ነው ብዬ ጠየቅኩ። ምሕረቱን በሟች ወንድሜ ስም ጠራሁት። ከዚያ ወደቅኩ፤ ሰውነቴ ተንቀጠቀጠ ይላሉ። በባጃጅ እስከ አስፋልት፣ ከአስፋልት በሚኒባስ ሶዶ ሆስፒታል አደረሱኝ።

በደሜ ውስጥ ያለው ጨው ወርዷል ተባለ። ሶዲየም ይሉታል። መቶ ሠላሳ አምስት አካባቢና ከዚያ በላይ መሆን ያለበት መቶ አሥራ ሁለት ሆኖ ተገኘ። ጨው ያለበት ጉሉኮስ በደም ሥሬ ቀስ እያለ ገባ፣ ልቤ ተመለሰ። ሲያስወጡኝ ጨው ያለበት ምግብ እንድበላ ለምሕረቱ ነገሩት። እኔ አማርኛ አውቃለሁ፤ የሚናገሩት ግን ለእሱ ነበር።

ቤት ስገባ የሁሉም ሰው ነገር ጨው ሆነ። የምሕረቱ ሚስት ሊዲያ በወጡ ላይ ጨመረች፣ ጎረቤት በቆጮው ላይ ነሰነሰ። ታደለች ለከብቶች የምንሰጠውን አሞሌ ላምጣልሽ ወይ ብላ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። በበርበሬ ማባያችን በዳጣው ላይ ሳይቀር፣ ምላሴን እስኪያቃጥል ጨው በላሁ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ተመልሼ ሆስፒታል ገባሁ። ያው ጉሉኮስ፣ ያው ምክር። ወጣሁ፣ ወር ሳይሞላ ደግሞ ገባሁ። በሦስተኛው ሲያስወጡኝ ነው ጫማዬን ያወለቅኩት።

ነርሷ ሐኪም ጠራች። የመጣችው ወጣት ሐኪም ናት፣ ከወሎ ተመድባ የመጣች። ምሕረቱ በእግሬ በኩል ቆሞ ጋቢዬን ወደ ቦርሳ ያጣጥፋል፤ እናቱ ያስቸገረች መስሎት አፍሯል።

«ለምንድን ነው የማይወጡት፣ እማማ?»

«ጨው ወረደ አላችሁ፣ ሞላችሁት። ወረደ፣ ሞላችሁት። የሚያፈስ እንስራ ስትሞሉ አልሰለቻችሁም? ቀዳዳው የት እንደሆነ ንገሩኝና በእግሬ እወጣለሁ።»

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ሄዳ በርጩማ አመጣችና አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠች። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ሐኪም በፊቴ ሲቀመጥ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ካርዱን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አነበበች። ቅንድቤን አየች፣ እጄን አንሥታ ብብቴን አየች፤ እዚያም ፀጉር ከጠፋ ብዙ ዓመቱ ነው። የእጄን ቅዝቃዜ በመዳፏ ያዘች። ከዚያ የመጨረሻ ልጄን ስወልድ ደም ፈስሶኝ እንደነበር ጠየቀችኝ። ሴት ስትወልድ ደም ይፈሳል አልኳት።

«ምን ያህል?»

«ፍራሹን ቀበሩት።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ካርዱ ላይ የተጻፈውን እያየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይህን ልጅ በእርግጥ አጥብተዋል?» አለች።

ምሕረቱ ጋቢውን እያጣጠፈ ነበር። ሐኪሟ ወደ እሱ ተመለከተችና ከፈለግኩ ውጭ ሊቆይ እንደሚችል ነገረችኝ። በዚያች ቅጽበት ሁለት ነገር አሰብኩ። ሁለት ዓመት ብዬ ከመለስኩ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፣ በአራተኛው ጊዜ ግን በሕይወት አልመለስም። እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ ልጄን ላጣ እችላለሁ። ይህ ልጅ በእኔ ጡት ማደጉን ሲናገር ሰምቼዋለሁ፤ በሠርጉ ዕለት ሰው ሁሉ ፊት ተናግሯል። ታደለች ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ ወጥ ታወጣ ነበር።

«ይቆይ» አልኩ። «አላጠባሁትም። አንድ ጠብታ አልወጣኝም። ያጠባችው ታደለች ናት።»

ማጣጠፉን ተወ። ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ፤ እኔ እንደማልሄድ ረስቶ ይሁን፣ የሚይዘው ነገር ፈልጎ ይሁን አላውቅም። ሐኪሟ በእስክሪብቶዋ ሁለት ዓመት የሚለውን ሰረዘችና ከላዩ ሌላ ጻፈች። የተገለበጠ ጽሑፍ ከፊት ለፊት ማንበብ የለመድኩት ሥራ ነው። «ወተት አልመጣም» ይላል።

ከዚያ አስረዳችኝ። ከአእምሮ ሥር ሽንብራ የምታህል ዕጢ አለች አለች። ዕጢ ስትል ካንሰር መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ሰው ሁሉ ሲፈጠር ያላት ናት አለችኝ። ሌሎቹን የሰውነት ዕጢዎች የምታዝዘው እሷ ናት። በእርግዝና ጊዜ ታብጣለች፤ ሴቲቱ ብዙ ደም ከፈሰሳት ደም ያጥራትና ከፊሏ ይሞታል። ወተት እንዲመጣ የምታዝዘው እሷ ስለሆነች ወተት ይቀራል፤ የወር አበባም ይቀራል፤ ሙቀትና ጉልበት የሚሰጡትም ቀስ በቀስ ይቀንሳሉ። በስተመጨረሻ ሰውነት የጠጣውን ውሃ ማስወጣት ያቅተዋል። ጨው የጎደለው ከምግቤ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ውሃው በዝቶ አቅጥኖት ነው። እኔም በየቀኑ ሦስት ጠርሙስ እጨምርበት ነበር።

የደም ናሙናው ሶዶ ስለማይመረመር ወደ አዲስ አበባ ተላከ። ሐኪሟ ግን ውጤቱን አልጠበቀችም፤ ሰውነቴ ማዘዝ ያቃተውን ሆርሞን በመርፌ አስጀመረችኝ፣ ውሃዬንም በብርጭቆ ቆጥራ ወሰነችው። በማግስቱ ጠዋት ራበኝ። እንዲያው መብላት ሳይሆን፣ ራበኝ። ቆጮ በዳጣ አምጡልኝ አልኩ። አጠገቤ የተኛችው ሴት በቋንቋችን በወላይታቶ «ትናንት ለመሞት አልወጣም ያለች ሴት ዛሬ ለምሳ ነው የቆየችው» ብላ ክፍሉን አሳቀች። በሁለተኛው ቀን ሹራቤን ማንም ሳይነግረኝ አውልቄ እንዳስቀመጥኩ አየሁ።

ምሕረቱ ግን አልመጣም። ምግብ ያመጣችው ሊዲያ ናት፣ ሆዷ ገፍቶ፤ ሥራ በዝቶበት ነው አለች፣ ዓይኔን ሳታይ። ጤንነቴ እየተመለሰ ነበር፤ የተመለሰልኝ ግን በምን ዋጋ እንደሆነ እያሰብኩ በሩን ሳይ ዋልኩ። ጸጸት አልተሰማኝም። ጥያቄውን ቢደግሙልኝ ደግሜ እናገረው ነበር። ብቻ በሩን አይ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ታደለችን ይዞ መጣ። እሷ ቀድማ ገባች፤ በወላይታቶ ሰላም አለችኝ።

«ሳሮ፣ የምሕረቱ እናት። ልጣላሽ ነበር የመጣሁት» አለችና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ቤቴ መጥቶ ምንም ሳይናገር ሲቀመጥ ጊዜ፣ ሊጣላኝ ነው አልኩ። ከዚያ ምሳ አለ ወይ አለኝ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፣ አሁንም ሲመጣ ርቦት ነው።»

ምሕረቱ ወደ መስኮቱ ዞረ። ታደለች ሳቋን ጨርሳ እጄን ያዘች፤ ሲሞቅ ስታገኘው ገልብጣ አየችው።

«ባሌ ሰነፍ ሲልሽ እየሰማሁ ዝም አልኩ» አለች። «ጨርቁን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ጉልበትሽ የት እንደሄደ የማውቀው እኔ ነኝ። እሱን ነው ይቅር የምትይኝ።»

ዝም ያልነው ሁላችንም ነን አልኳት።

ምሕረቱ ከመስኮቱ ተመለሰ። ማሰሮውን አነሣ፣ ብርጭቆውን አነሣ፣ ከዚያ ቆመ።

«ስንት ብርጭቆ ነው የተፈቀደልሽ፣ እማዬ?»

«እስከ ምሳ ሁለት። አንዱን ጠጥቻለሁ።»

ለክቶ ቀዳልኝ፤ ከብርጭቆው አፍ አንድ ጣት አጉድሎ። በዚህ ታረቅን።

ውጤቱ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ሐኪሟ ያለችው ሆነ። አሁን በየጠዋቱ የዚያን ሆርሞን ኪኒን እውጣለሁ፤ ሙቀት የሚሰጠው የታይሮይድ ሆርሞን ኪኒን ከዚያ በኋላ ተጨምሮልኛል። እስከ ዕለተ ሞቴ ነው፣ አንድ ቀን አይዘለልም። ትኩሳት ከያዘኝ የመጀመሪያውን እጥፍ እወስዳለሁ፤ ካስታወከኝ በመርፌ ሊሰጠኝ ይገባል። ይህን ሁሉ በድሮ ፋይል ካርቶን ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ መንገድ ላይ ብወድቅ ያነሣኝ ሰው እንዲያነበው። ፋይል ቁጥርም ሰጥቼዋለሁ፣ አንድ።

ከወጣሁ በኋላ በሴቶች ጸሎት ቀን ተነሥቼ ተናገርኩ። ደሙን፣ ፍራሹን፣ ባዶውን ጡት፣ ጋቢውን። ስቀመጥ አንዲት የሽማግሌ ሚስት ጎንበስ ብላ እንዲህ ያለው ነገር በሴቶች መካከል ነው እንጂ ቆሞ አይነገርም አለችኝ።

«እኔም ለሴቶች ነው የተናገርኩት» አልኳት። «የቆምኩት ከኋላ ያሉት እንዲሰሙ ነው።»

ከኋላ ከነበሩት አንዷ ሲወጡ ጠብቃኝ እንደ እኔ ከደከማት ዘጠኝ ዓመቷ እንደሆነ ነገረችኝ። ሶዶ ወሰድኳት። የእሷ ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ ደም ማነስ ነው፣ እየታከመች ነው። ይሁን። ቢያንስ ተጠይቃ እውነቱን መልሳለች።

እንግዲህ ይህን የምታነቢ ሴት፣ ስትወልጂ ብዙ ደም ከፈሰሰሽ፣ ወተትሽ ካልመጣ፣ የወር አበባሽ ካልተመለሰ፣ ሰው ሲሞቀው አንቺን ከበረደሽ፣ ሳትጠየቂ ተናገሪ። ጨው ወርዷል ካሉሽ ለምን ወረደ በያቸው። ሰነፍ የሚልሽ ካለ የሚለው አያልቅበትም፣ አንቺ ግን ታልቂያለሽ።

ሊዲያ የወለደችው ባለፈው ወር ነው፣ በጤና ተቋም። እኔና ታደለች ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። አዋላጇ ነርስ ወጥታ ሴት ልጅ ናት፣ እንኳን ደስ አላችሁ አለች። እግዚአብሔር ይመስገን አልን። ከዚያ ምን ያህል ደም እንደፈሰሳት ጠየቅኳት። ትንሽ ነው እማማ፣ አይስጉ አለችኝ። ትንሽ ስንት ነው አልኳት። ገባችና ልኬቱን አይታ መጥታ ነገረችኝ፤ ካርዱ ላይ መጻፉንም አሳየችኝ።

በሦስተኛው ቀን ለክትትል ሄድን። ሊዲያ ልጅቷን ስታጠባ የመዋጧ ድምፅ ከቆምኩበት ይሰማል፤ የሊዲያ ቀሚስ በሌላው በኩል ርሷል። ታደለች ክንዴን ነካ አድርጋ «እንግዲህ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ» አለች። አዋላጇ የልጅቷን ክብደት ጻፈች፣ ሙቀቷን ጻፈች፣ ካርዱን ልትዘጋ ነበር።

ወተት መምጣቱንም ጻፊው አልኳት።

«ቅጹ ላይ ለሱ ቦታ የለውም፣ እማማ።»

«ጠርዙ ላይ ጻፊው።»

ፈገግ ብላ እስክሪብቶዋን አነሣች። ጽፋ እስክትጨርስ ቆሜ ጠበቅኩ።